ወረቀቱ ዴላዌር፣ ገንዘቡ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዋሽንግተንና በአካባቢው በምንኖር ሐበሾች ስልክ ላይ አንድ ጽሑፍ ከቴሌግራም ወደ ቫይበር፣ ከቫይበር ወደ ዋትስአፕ እየዞረ ነው። ለእኔ በአንድ ቀን ሦስት ሰው ላከልኝ። ጸሐፊው ማን እንደሆኑ አልተጻፈበትም። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ቢዝነስ ለመክፈት ባንክ ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ኤል ኤል ሲህን፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅትህን፣ ዴላዌር ስቴት አስመዝግብ፣ ከታክስም ከዳኛም ትድናለህ። ከዚያ ከወዳጅ ዘመድ ገንዘብ ሰብስብ፣ በግሩፕህም ላይ ለጥፈው፤ እስከ 35 ሰው ድረስ ማንም አይጠይቅህም። የኤል ኤል ሲ ድርሻ ሼር ስላልሆነ የአክሲዮን ሕግ አይመለከትህም፤ ከፈራህም ብድር ነው በል። ብትከስር ቤትህን የሚነካ የለም። ወረቀቱን ሥራው ከተጀመረ በኋላ ታስተካክለዋለህ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የሐበሻ ምግብ ቤቶችን፣ የነዳጅ ማደያዎችንና የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅቶችን መዝገብ ስይዝና ታክስ ስሠራ ግን ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጠበቃ የሚጠራው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ ሲበላሽ ቁጭ ብሎ ያያል። ጽሑፉ የሚመክረውን ሁሉ፣ ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት አድርጎት የተገኘ አንድ ደንበኛ አለኝ። አራት የጭነት መኪና ለመግዛት ከ11 ሰው 220 ሺህ ዶላር ሰበሰበ። ስድስቱ ሜሪላንድ፣ ሦስቱ ቨርጂኒያ፣ አንዷ አትላንታ፣ አንዱ ላስ ቬጋስ ይኖራሉ። ኤል ኤል ሲው የዴላዌር ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። (ዓመታቱን ሁሉ እዚህ አገር እንደሚቆጠሩት ነው የምጽፋቸው።)

ከዴላዌር ልጀምር። ጸሐፊው ዴላዌርን ማሞገሳቸው ስህተት የለበትም። በፎርቹን 500 ዝርዝር ካሉት ኩባንያዎች ሁለት ሦስተኛው ያህሉ የተመዘገቡት እዚያ ነው። የሚስባቸው ግን ከታክሱ ይልቅ ፍርድ ቤቱ ነው። ኮርት ኦፍ ቻንስሪ የሚባለው ችሎት ከ1792 ጀምሮ አለ፤ ጁሪ አይሰየምበትም፤ ዳኞቹ ባለድርሻና ሥራ አስኪያጅ ሲካሰሱ ሲያዳምጡ የሚውሉ ናቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ፍርድ ስላለም ጠበቃው የነገሩን መጨረሻ ከሞላ ጎደል አስቀድሞ ይገምታል። ፍርዱ የማይጥማቸው ትልልቆችም አሉ። ኢሎን መስክ ያ ችሎት በጃንዋሪ 2024 በሰጠው ፍርድ ተቆጥቶ ቴስላን ወደ ቴክሳስ ይዞ ሄደ፤ ዴላዌርም ሌሎች እንዳይከተሉት በማርች 2025 ሕጓን አላላች።

አራት የጭነት መኪና ያለው ሰውስ ከዚህ ምን ያገኛል? በየዓመቱ እስከ ጁን 1 የሚከፈል 300 ዶላር፣ አተረፈም ከሰረም። እዚያ አድራሻ ስለሌለው ደብዳቤ ለሚቀበልለት ወኪል ሌላ ክፍያ። መኪኖቹ የሚያድሩት ሜሪላንድ ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ በሜሪላንድ ሕግ ዓይን የውጭ ድርጅት ነው። ስለዚህ ኤስዳት በምንለው የስቴቱ መሥሪያ ቤት እንደገና ይመዘገባል፣ በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 ሪፖርት ያስገባል፣ ሌላ 300 ዶላር ይከፍላል። ከመጀመሪያው ሜሪላንድ አስመዝግቦት ቢሆን ይህ ሁለተኛው 300 ብቻ ይበቃው ነበር። ቨርጂኒያ ለሚሠራ ሰውማ ዓመታዊው ክፍያ 50 ዶላር ነው። የታክሱም ነገር እንዲሁ ነው። የኤል ኤል ሲ ትርፍ በተለመደው አሠራር ወደ ባለቤቶቹ የታክስ ቅጽ ይወርዳል። ሥራውም ባለቤቱም ሜሪላንድ ከሆኑ፣ ወረቀቱ ላይ ዴላዌር የሚል ቃል መኖሩ አንድ ሳንቲም አይቀንስም።

ሁለተኛውን ምዝገባ የተወ ሰው ለጊዜው ምንም አይሆንም። ጉዱ የሚወጣው ደንበኛው ገንዘብ ከልክሎት ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ፍርድ ቤት የሄደ ዕለት ነው። ተከሳሹ «ይህ ድርጅት እዚህ አልተመዘገበም» ይላል፤ ያልተመዘገበ የውጭ ድርጅት ደግሞ ቅጣቱን ከፍሎ እስኪያስተካክል ድረስ ክሱን ማስኬድ አይችልም። መከሰስ ግን ይችላል! በዚህ ላይ የዴላዌር ሕግ የኤል ኤል ሲ ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሰው በድርጅቱ ጉዳይ እዚያ ሊከሰስ እንደተስማማ ይቆጥረዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ከሸሪኩ ሲጣላ ዊልሚንግተን ሊመላለስ ነው፤ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ፣ በዚያ ስቴት የሚሠራ ጠበቃ ይዞ። ከዳኛ መዳን ይህ ከሆነ አላውቅም። ዋዮሚንግ ይሻላል የሚሉም አሉ። በ1977 ኤል ኤል ሲን በሕግ ያወጣች የመጀመሪያዋ ስቴት መሆኗ እውነት ነው፤ ምግብ ቤቱ ያለው ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ከሆነ ግን ሒሳቡ ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። የኤል ኤል ሲ ድርሻ ሼር ስላልሆነ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ሕግ፣ ማለትም አክሲዮንና እሱን የመሰለ የኢንቨስትመንት ወረቀት ሲሸጥ የሚገዛው ሕግ፣ አይመለከተውም ይላሉ ጸሐፊው። ከጽሑፉ ሁሉ ሰውን ብዙ የሚያስከፍለው ይህ አባባል ነው።

የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ በስም እንደማይታለል የተናገረው በ1946 ነው፤ ጉዳዩ የብርቱካን ነበር። ሃዊ የሚባል ኩባንያ ፍሎሪዳ ውስጥ የብርቱካን ማሳውን እየቆራረሰ ይሸጣል። ገዢዎቹ አብዛኞቹ ከሌላ ስቴት የመጡ፣ እዚያው በሃዊ ሆቴል ያረፉ እንግዶች ናቸው፤ ብርቱካን ኮትኩተው አያውቁም። መሬቱን ይገዛሉ፣ የእንክብካቤ ውል ይፈርማሉ፣ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ኩባንያው ይኮተኩታል፣ ይለቅማል፣ ይሸጣል፣ ትርፉን ያካፍላል። ሲጠየቅ የሸጥኩት መሬት ነው አለ። ፍርድ ቤቱ መሬቱን ትቶ ሌላ ነገር አየ፦ ሰው ገንዘብ ሰጥቷል፤ ገንዘቡ በጋራ ሥራ ላይ ውሏል፤ ሰጪው ትርፍ ይጠብቃል፤ ትርፉ የሚመጣው በሌላ ሰው ድካም ነው። እነዚህ አንድ ላይ ከተገኙ ነገሩ መሬት ይባል፣ ድርሻ ይባል፣ አባልነት ይባል፣ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ነው። ዛሬም የፌዴራልና የስቴት ዳኞች የሚለኩበት ሚዛን ይኸው ነው።

ሚዛኑን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። አምስት ጓደኛሞች ምግብ ቤት ከፈቱ እንበል። አንዷ ወጥ ቤት ናት፣ አንዱ ካሸር ላይ ነው፣ አንዱ ዕቃ ይገዛል፣ ሁሉም ማክሰኞ ማክሰኞ ተሰብስበው ይወስናሉ። ይህ ሽርክና ነው፤ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስባቸውም። ሌላዋ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ እየሠራች 20 ሺህ ዶላር ያጠራቀመች ነርስ ናት። ገንዘቡን ለባለ መኪናው ሰጥታ፣ በየሦስት ወሩ ትርፍሽን እልክልሻለሁ ተብላ ወደ ሆስፒታሏ ተመለሰች። መኪኖቹን በዓይኗ አላየቻቸውም። እሷ የሃዊ ብርቱካን ገዢ ናት። ኦፕሬቲንግ አግሪመንቱ (የአባላቱ የውስጥ ውል) ላይ አባላት ሁሉ ድምፅ አላቸው የሚል መስመር መኖሩም ብዙ አያድንም፤ የሚጠየቀው በተግባር ማን ይወስን እንደነበር ነው።

እቁብስ? ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እቁብ ላይ የጣልከውን ነው የምታወጣው፣ ዕጣህ ሲወጣ። ትርፍ የሚባል ነገር ስለሌለ ከሃዊ ሚዛን አይገባም። እቁብ ነው ተብሎ በወር 10 በመቶ የሚወልድ ነገር ካያችሁ ግን ስሙን ተበድሮ ነው።

ጸሐፊው የሳቱት ሌላው ትልቅ ነገር የስቴቶቹን ሕግ ነው። የፌዴራሉ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ሕግ የወጣው በ1933 ሲሆን ካንሳስ የራሷን ያወጣችው በ1911 ነው። የባንክ ኮሚሽነሯ ጆሴፍ ዶሊ ገበሬው በየጊዜው የሌለ ማዕድንና የሌለ እርሻ ሲሸጥለት አይቶ፣ ማንም ወረቀቱን ለስቴቱ ሳያሳይ እንዳይሸጥ አስደረገ። ሌሎች ስቴቶችም ተከተሉ። ሕጎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት ብሉ ስካይ ተብለው ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1917 ሲያጸናቸው፣ የታሰቡት ከሰማያዊ ሰማይ የበለጠ መሠረት ለሌላቸው ነገሮች ነው ብሏል። የእኛ ሰው ይህን ከነሱ በፊት ያውቀዋል፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ካንሳሶች ላሟን አውርደው አሳዩን አሉ፣ ሌላ አይደለም።

የእነዚህ የስቴት ሕጎች መንገድ ከጽሑፉ መንገድ ተቃራኒ ነው። ጸሐፊው ወረቀቱ የት ተመዘገበ ብለው ይጠይቃሉ። ሕጉ የሚጠይቀው «ግባ» የተባለው ሰው ያንን ሲሰማ የት ነበር ብሎ ነው። ድርጅቱ ዴላዌር ቢመዘገብም ነርሷ ጥሪውን የሰማችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎኗ ውስጥ ሆና ከሆነ የሜሪላንድ ሕግ አለበት። የደንበኛዬን 11 ሰዎች ቁጠሩ፦ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያ፣ ኔቫዳ። አራት ስቴት፣ አራት ሕግ፣ በላዩ ላይ የፌዴራሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ የሌለችው ዴላዌር ብቻ ናት፤ እሱ ግን ሕጓን ያነበበላት ብቸኛ ስቴት እሷ ነበረች።

ብድር ነው በል የሚለው ምክር ረጅም መልስ አያስፈልገውም። በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአርካንሳስና የኦክላሆማ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሸጠውን የብድር ወረቀት ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ነው ብሎታል። ማኅበሩ ሲከስር ወረቀቱ በ1,600 ሰዎች እጅ ነበር፣ ድምሩም 10 ሚሊዮን ዶላር። ከባንክ የመኪና ብድር መውሰድ ሌላ ነገር ነው። ከብዙ ሰው፣ ለሥራ ማስኬጃ፣ ጥሩ ወለድ እየተባለ የሚሰበሰብ ብድር ግን ዳኛ ፊት እንደ ብድር አይታይም።

35 የሚለው ቁጥር እውነተኛ ቁጥር ነው፣ ከቦታው ተነቅሎ ነው እንጂ። በፌዴራሉ ሬጉሌሽን ዲ ውስጥ ሩል 506 ቢ የሚባል አለ፤ ድርጅቶች ሰነዱን ሳያስመዘግቡ ገንዘብ እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል። አክሬዲትድ ኢንቨስተር ከሚባሉት የፈለገውን ያህል ሰው ማስገባት ይቻላል። አክሬዲትድ ማለት ባለፉት ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ፣ ከትዳር አጋሩ ጋር ከሆነ ከ300 ሺህ በላይ ገቢ ያለው፣ ወይም የሚኖርበት ቤት ሳይቆጠር ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያለው ሰው ነው። ከዚህ በታች ካሉት፣ ማለትም ከአብዛኞቻችን፣ ከ35 ሰው በላይ አይገባም። 35 ጣሪያው ነው። ከጣሪያው በታች ስለሆነ ብቻ ነፃ የሆነ ሰው የለም። አክሬዲትድ ያልሆነ አንድ ሰው እንኳ ከገባ የድርጅቱን ሒሳብና አደጋውን የሚያስረዳ ሰነድ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ሰውየውም ራሱ ወይም ከአማካሪው ጋር ሆኖ የሚገባበትን ነገር መመዘን የሚችል መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሽያጭ በተፈጸመ በ15 ቀን ውስጥ ፎርም ዲ የሚባል የማሳወቂያ ቅጽ ለኤስ ኢ ሲ (ለፌዴራሉ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ) ይገባል። ኮንግረስ በ1996 እንዲህ ያለውን ሽያጭ ስቴቶች ዳግም አስመዝግቡ እንዳይሉ ከልክሏል፤ ማሳወቂያ መቀበልን፣ ክፍያ ማስከፈልንና ያጭበረበረን መክሰስን ግን ለእነሱው ትቶታል። ስለዚህ ኢንቨስተሮቹ በሚኖሩበት በየስቴቱ ሌላ ቅጽና ሌላ ክፍያ አለ።

በግሩፕህ ለጥፈው የሚለው ደግሞ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። 506 ቢ አደባባይ መጥራትን አይፈቅድም። የኢንቨስትመንት ዕድል ተብሎ ፌስቡክ ላይ መጻፍ፣ ቲክቶክ ላይቭ መግባት፣ ሦስት ሺህ ሰው ያለበት ቴሌግራም ላይ መለጠፍ፣ በሬዲዮ ማስነገር፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ማይክ መያዝ፣ ይህ ሁሉ አደባባይ ነው። ከ2013 ጀምሮ አደባባይ የሚፈቅድ 506 ሲ የሚባል ወንድሙ አለ፤ እሱ ግን የሚያስገባው አክሬዲትዶችን ብቻ ነው፣ ያውም መሆናቸው ተጣርቶ። እኔ አክሬዲትድ ነኝ የሚል ፊርማ ብቻውን አይበቃም። ሰው ላመጣልህ 5 በመቶ ስጥ የሚል ልማድም አለ፤ እዚህም ላይ ጠንቀቅ ነው። ለሰው አምጪ ኮሚሽን የሚከፈለው ፈቃድ ላለው ብሮከር ነው፤ ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ፈቃዱ ይህን አይሸፍንለትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚለኝ ይኖራል። ጽሑፉ ያልጠቀሰው በር አለ። ትንሽ ድርጅት በሕግ በተመዘገበ የኢንተርኔት ፖርታል በኩል በ12 ወር እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ከማንም ሰው እንዲሰበስብ የፌዴራሉ ክራውድፈንዲንግ ደንብ ይፈቅዳል። ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ገንዘብም ያስወጣል። አንድ ስቴት ውስጥ ብቻ ለሚሰበስብ ሰው ደግሞ በርካታ ስቴቶች ለትንሽ ቁጥር ሰው የሚሆን መንገድ አላቸው፤ ቁጥሩና ቅድመ ሁኔታው ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ለየስቴቱ መሥሪያ ቤት ደውሎ መጠየቅ ነው። ደውዬ አውቃለሁ፤ ያነሳሉ።

ጸሐፊው ኤስ ኢ ሲ ለትንሽ ገንዘብ ጊዜ የለውም ማለታቸው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። የስቴቶቹ መሥሪያ ቤቶች ግን ጊዜ አላቸው። የሜሪላንዱ ባልቲሞር በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሥር ነው፤ የቨርጂኒያው ሪችመንድ በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽኑ ውስጥ፤ የዲሲው ደግሞ የኢንሹራንስ፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና የባንክ መሥሪያ ቤት ይባላል። አንድ የተቆጣ ባለድርሻ ቅጽ ሞልቶ አቤት ማለት ይበቃዋል። ቴሌክስፍሪን የሚያስታውስ ካለ፣ የኢንተርኔት ስልክ እሸጣለሁ እያለ ብራዚላውያንንና ዶሚኒካውያንን ስደተኞች ያራቆተው፣ በዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው ያ ድርጅት፣ በኤፕሪል 2014 የማሳቹሴትስ ስቴት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ክፍል ክስ ሲያቀርብበት ኤስ ኢ ሲም በዚያው ሰሞን ተከተለ። በ2020 ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ ከአፍሪካውያን ስደተኞች፣ ብዙውን በቤተ ክርስቲያን በኩል፣ 27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስበዋል የተባሉ ሰዎች ተከሰዋል። የተጎዱት ከሺህ በላይ ነበሩ። እነዚህ የማጭበርበር ክሶች ናቸው፤ ደንበኛዬ ግን ማንንም አላጭበረበረም። መኪኖቹን ገዝቷል፣ ትርፍም ልኳል። ችግሩ ሳያስመዘግብ ወይም ከምዝገባ ነፃ የሚያወጣውን መንገድ ሳይከተል የሸጠ ሰው ባይዋሽም ተጠያቂ መሆኑ ነው። ገዢው ገንዘቤን ከነወለዱ መልስ ሊለው ይችላል፣ የተቀበለው ትርፍ ተቀንሶለት። ሥራ አስኪያጁም ከድርጅቱ ጋር አብሮ ይጠየቃል፣ በግሉ።

ይህ የመጨረሻው ቤትህን የሚነካ የለም ወደሚለው ይወስደኛል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የድርጅቱን ግድግዳ አፍርሰው ባለቤቱ ላይ ለመድረስ ከማይቸኩሉት ናቸው፤ ማጭበርበር ወይም ከዚያ የማያንስ ከባድ ምክንያት ይፈልጋሉ። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ግድግዳው በፍርድ ቤት ሲፈርስ ያየሁት እምብዛም ነው። ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ በር ከፍቶ ያስገባቸዋል። የሱቁን ሊዝ ሲፈርም በግሉ ዋስ ይሆናል። የኤስ ቢ ኤ (የፌዴራሉ የትንንሽ ንግዶች መሥሪያ ቤት) ብድር ሲወስድ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በግሉ ይፈርማል። ከሠራተኛ ደመወዝ የቀነሰውን ታክስና ከደንበኛ የሰበሰበውን የሽያጭ ታክስ ለኪራይ ካዋለው መንግሥት ድርጅቱን አልፎ እሱን ይጠይቃል። በእነዚህ ሁሉ ኤል ኤል ሲው ምንም አይረዳውም።

ጽሑፉ በጎንዮሽ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፦ አገር ቤት ያለ ኩባንያን አክሲዮን እዚህ መሸጥ የአሜሪካን ሕግ አይመለከትም ይላል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ተከፍቷል፤ በ2021 የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅም ባለሥልጣን አቋቁሟል። ደስ የሚል ነገር ነው። አዲስ አበባ የጸደቀ የሽያጭ መግለጫ ግን አሌክሳንድሪያ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ፈቃድ አይሆንም። ጥሪው የተሰማው ቨርጂኒያ ከሆነ የቨርጂኒያ ጉዳይ ነው፣ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ቦሌ ቢሆንም። ቡናና ዳቦ እየቀረበ ሲደረግ ስንቱን አይቻለሁ።

ጽሑፉ የድርጅት ባለቤቶችን ስም ለፌዴራል ያላስገባ በየቀኑ ይቀጣል ብሎ ማስፈራራቱም ጊዜው አልፎበታል። ግዴታው በ2024 ጀምሮ ነበር፤ በማርች 2025 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረቱ ድርጅቶች ነፃ ወጥተዋል። ቅጹን እንሙላላችሁ የሚል ደብዳቤ ዛሬ ቢመጣላችሁ ገንዘብ አትላኩ።

ሐበሻ ለሐበሻ ቃሉ ይበቃል፣ ለኦፕሬቲንግ አግሪመንት ጠበቃ አትቅጠር ይላሉ ጸሐፊው። ስምምነት ባትጽፍ ስቴቱ የጻፈልህ አለ፤ ምን ብሎ እንደጻፈልህ ግን ሳታውቅ ልትኖርበት ነው። በዲሲ ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ድርጅቱ ሳይፈርስ የሚከፋፈለው ትርፍ በአባላቱ ቁጥር እኩል ነው። 100 ሺህ ያስገባውና 10 ሺህ ያስገባው እኩል ይካፈላሉ። በዴላዌር ደግሞ ክፍፍሉ ባስገቡት መጠን ነው። እዚያ ሌላ ነገር አለ፦ ካልተስማሙ በቀር አባል ድርጅቱ ሳይፈርስ ልውጣ፣ ገንዘቤን ስጡኝ ማለት አይችልም። ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ምክንያት ሦስት ፋሲካ ተለያይተው ሲያከብሩ አይቻለሁ። ውሉን ጽፈው ቢሆን ኖሮ የሚጣሉበት ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ያመኑት ነገር አንድ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ የነበረው ግን ሌላ።

መጨረሻ ላይ ወረቀቱን በኋላ ታስተካክለዋለህ ይላሉ። ማስተካከያ አለ። ሻጩ ለእያንዳንዱ ገዢ ደብዳቤ ይጽፋል፦ የሸጥኩልህ በሕጉ መንገድ አልነበረም፤ ገንዘብህን ከነወለዱ፣ የተቀበልከውን ትርፍ ቀንሼ ልመልስልህ ዝግጁ ነኝ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን አለው። እንቢ ካለ ወይም ዝም ካለ በዚያ ምክንያት በስቴቱ ሕግ የመክሰስ መብቱ ይቀራል። እሺ ካለ ይከፈለዋል። ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው፣ ቀላል ነው። የሚከብደው ገንዘቡ በመኪና መልክ መንገድ ላይ እየሮጠ መሆኑ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ደንበኛዬ አምና ነገሩን የደረሰበት ለአምስተኛ መኪና ባንክ ብድር ሲጠይቅ ነው። ባንኩ የባለድርሻዎቹን ዝርዝርና እንዴት እንደገቡ የሚያሳይ ወረቀት ፈለገ፤ አልነበረውም። ጠበቃ ጋ ወሰድኩት። ለአራቱም ስቴት የሚሆን ደብዳቤ ማዘጋጀት ብቻውን ከዴላዌር ምዝገባው ብዙ እጥፍ አስከፈለው። ደብዳቤው ለ11 ሰው ተላከ። ሰባቱ ይቆይ አሉ። አራቱ ገንዘባቸውን ጠየቁ፤ አንዷ አትላንታ ያለችው የገዛ እህቱ ናት። ሁለቱን መኪና ሸጦ ከፈላቸው።